ጠርዙ የተሸረፈው ሜዳሊያ

በልዑላችን ዘመን አንድ ደንብ ነበር። የጀግንነት ሜዳሊያ የተሸለመ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ሜዳሊያውን ለቤተ መንግሥት ይመልሳል። አገራችን ትንሽ ስለሆነች የተመለሰው ተወልውሎ ለሌላ ይሰጣል። የሚወለውለው የከተማችን አንጥረኛ ትራውጎት ሪሸ ነበር። ታሪኩን የነገረችኝ ልጁ ኦቲሊ ናት፤ ዛሬ በከተማው ሙዚየም ሜዳሊያዎቹን የምጠብቀው እኔ ነኝና።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በጀመረ ዓመት ትራውጎት ሞረዱ አዳልጦት የአንዱን ሜዳሊያ ጠርዝ ሸረፈው። የግማሽ ስንዴ ያህል ነው። ያ ሜዳሊያ በአራት ዓመት ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ ሦስቴም ጥቁር በለበሰች ሴት እጅ።

በፈረንጆቹ 1918 ጸደይ ሣጥኑ ውስጥ እሱ ብቻ ቀርቶ ሳለ የአዲስ ተሸላሚ ስም መጣ፦ ኤገርት ብሩንስ፣ የኦቲሊ ባል። ከጦር ግንባር ለእረፍት መጥቶ ቤት ነበር።

«አባባ፣ ደስ አላለህም እንዴ?»

«ብሎኛል። የእናትሽን የብር ማንኪያዎች አምጪልኝ።»

«ሜዳሊያዬን በማንኪያ ልታበላኝ ነው?» ሳቀ ኤገርት።

«አንተ ድንችህን ብላ!»

ትራውጎት አሮጌውን ሜዳሊያ አሸዋ ላይ ተጭኖ ቅርጹን አወጣ፤ ማንኪያዎቹን አቅልጦ አፈሰሰበት። አስቀድሞ የተሸረፈውን ቦታ በሰም መድፈን ነበረበት። ያን ያህል ዓመት የሠራ ሰው ይህችን ረሳ! አዲሱም እዚያው ቦታ ላይ ተሸርፎ ወጣ። ሌላ ማንኪያ የለም። ሁለቱን ወልውሎ ጨርቅ ላይ አስቀመጠ። የቤተ መንግሥቱ መልእክተኛ አንኳኳ፤ በሩን ከፍቶ ሲመለስ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋው። አንዱን አንሥቶ ሰጠ።

የቀረውን ለክቶ ማወቅ ይችል ነበር። አልደፈረም። በነሐሴ እሱም ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ በጥቅምት አራተኛዋ ሴት ይዛው መጣች።

«ክፉው እዚህ ቀርቶ ነበር ማለት ነው» አለ ትራውጎት። ለወራት አጥቶት የነበረውን እንቅልፍ ያን ቀን አገኘ። ኤገርትም በሕይወት ተመለሰ፤ ከአማቱ ሞት በኋላ እንኳ ብዙ ኖረ።

ባለፈው ክረምት ኤገርት ሲሞት ኦቲሊ ሜዳሊያውን አመጣችልኝ። የምትመልስለት ልዑል ከሌለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ደንብ ግን ደንብ ነው አለች። እኔም ጓጓሁ። የቀለጠ ብር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ቅጂው ከዋናው የፀጉር ያህል ያንሳል። በጥቅምት የተመለሰው እኔ ዘንድ ስላለ ሁለቱን ጎን ለጎን ለካኋቸው። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ።

«ምን ሆንክ ልጄ? ፊትህ ተለወጠ።»

«እትዬ ኦቲሊ፣ ትልቁ የጋሽ ኤገርት ነው።»

«አሮጌው? እሱን ነው ዕድሜውን ሙሉ ደረቱ ላይ ያደረገው?»

«አዎ።»

ትንሹን አንሥታ የተሸረፈውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

«ይሄ እኮ የእማማ ማንኪያ ነው» አለች። «ይዛው የመጣችው ሴትዮ... ስሟ ማን ነበር?»

የተመላሽ ሜዳሊያዎቹን መዝገብ ላወጣ ተነሣሁ።