እትዬ «አንዴ ልየው» እና የጫጩቱ ልብ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ «እትዬ አንዴ ልየው» ነው የሚላት። ድስት ከጣደች ክዳኑን ሳትከፍት ደቂቃ አትቆይም፤ ከእሷ ምድጃ የወጣ ኬክ ኩፍ ብሎ አያውቅም። በቅርቡ ለተዳረችው ልጇ እንኳ «ደህና ነሽ?» እያለች በቀን ሰባት ጊዜ ትደውላለች።

ሃያ ዓመት ብልቃጥ ስታጥብ ኖራ ዘንድሮ ሕዋስ እንድታሳድግ ተፈቀደላት። ሥራው እንዲህ ነው፦ ገና ካልተፈለፈለ ጫጩት ልብ የተወሰዱ ሕዋሳት በክብ ሳህን ላይ ተበትነው የሙቀት ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። መጀመሪያ እያንዳንዱ በገዛ ራሱ ምት ይመታል፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይለግማል። ቀስ በቀስ ግን ሳህኑ ላይ ይጣበቁና ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ሲነካኩ በመካከላቸው ጠባብ በር ይከፈታል፣ የአንዱ ምልክት በዚያ በር ወደ ጎረቤቱ ያልፋል። ያኔ ሁሉም ባንድ ላይ ይመታሉ።

የእሷ ሕዋሳት ግን ሁለት ጊዜ ሳይተዋወቁ አለቁ። አለቃዋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቢሆንም «ሦስተኛው እንቢ ካለ ወደ ብልቃጡ መመለስሽ ነው» አሏት።

«ምን አጓደልኩባቸው?» አለቻት ልጇን በስልክ። «ያልተገላበጠ ያርራል ብዬ በየሰዓቱ ከሙቀት ሳጥኑ እያወጣሁ አያቸዋለሁ።»

«በየሰዓቱ?» ልጅቷ ሳቀች። «እማዬ፣ ብርድ ላይ እያወጣሽ ስትነቀንቂያቸው እንዴት ይግባቡ? እኔና ባሌ እንኳ የጀመርነውን ወሬ የጨረስነው የስልኬ ባትሪ ያለቀ ዕለት ነው።»

ልትቆጣ ነበር፤ ግን ነገሩ ገባት። ሁለቱንም ሳህኖች የገደለችው እሷው ራሷ ነበረች።

ሦስተኛውን ሳህን አስገብታ የሳጥኑን ቁልፍ ለአለቃዋ አስረከበች። ሦስት ቀን እጇን እየበላት የታጠበውን ብልቃጥ ሁሉ እንደገና አጠበች። ስልኳንም ከኪሷ አላወጣችም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አለቃዋ ሳጥኑን ከፍተው ሳህኑን አጉሊ መነጽሩ ስር አስቀመጡ። አይተው ወንበሩን ለቀቁላትና «በይ፣ አሁን አንዴ እይው» አሏት።

አጎንብሳ አየች። ከዳር እስከ ዳር፣ ሁሉም ባንድ ላይ፦ ዱብ… ዱብ… ዱብ። ደስታዋ እንባ ሆኖ መነጽሩን አደበዘዘው።

ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ልጇ ነበረች፤ ከተዳረች ወዲህ ራሷ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው።

«እማዬ፣ ምነው ጠፋሽ? ደህና ነሽ?»