ወፎቹን ወደ ብርቄ ማሳ የነዳሁት እኔ ነኝ

ይህን ሙሉውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ግማሹን ሰዎች ፊት ተናግሬዋለሁ። የቀረውን ዛሬ እጽፈዋለሁ፤ እናንተም ፍረዱኝ።

ስድስተኛ ክፍል የጨረስኩበት ክረምት ነበር። ከጂንካ ወጣ ብሎ ባለው የአክስቴ ማሳ፣ ማማ ላይ ሆኜ ማሽላ ከወፍ እጠብቅ ነበር። አጠገባችን የእትዬ ዘነበች ማሳ አለ፤ እዚያ ማማ ላይ ልጃቸው ብርቄ ነበረች። ከሁለታችን አንዷ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ «ጠብቂልኝ!» ብላ ትጣራለች፤ የቀረችው ሁለቱንም ማሳ ትጠብቃለች። አደራ ነው።

በእኛ ማሳና በጫካው መካከል አንድ ግራር አለ። ቢጫ ወፎች ጎጆ ሠርተውበት ነበር። ወንዱ ሣር እየሰነጠቀ ይሠራል፤ ሴቷ ትገባና ታየዋለች። ካልወደደችው ራሱ አፍርሶ ይጥለውና እንደገና ይጀምራል። እኔ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ የማላውቅ ልጅ፣ እነዚያን ወፎች ሳይ ውዬ አልጠግብም ነበር።

አክስቴ «እነዚያን ጎጆዎች በእንጨት አውርጂያቸው፤ ሳይፈለፍሉ!» አለችኝ። እኔ ወንዶቹ አፍርሰው የጣሉትን ከመሬት ለቀምኩና አሳየኋት። «ጎበዝ!» አለችኝ። ከላይ ግን ቀድመው የተፈለፈሉ ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ይጮሁ ነበር።

ወፎቹ ማሽላችን ላይ ሲያርፉ ወደ ጫካው ማባረር ነበረብኝ። ነገር ግን የወንጭፌ ድንጋይ ግራሩን ይመታል። ጎጆ ቢወድቅስ? ስለዚህ ብርቄ «ጠብቂልኝ!» ብላ እስክትወርድ ጠብቄ፣ በግራሩ በኩል ዞሬ ወፎቹን ወደ እሷ ማሳ ነዳኋቸው። አንድ ቀን አይደለም። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ፣ በየቀኑ፣ እኔ ነዳኋቸው።

የእትዬ ዘነበች ማሽላ ዛላው ባዶ ቀረ። ብርቄ ተገረፈች። «እንቅልፍሽን ገበያ ባወጣው ከብት ይገዛልኝ ነበር!» ይሏት ነበር እናቷ። ሰፈሩም «እንቅልፌ» አላት፤ ስሙም ተለጠፈባት። እኔስ? እሰማ ነበር። ዝም አልኩ። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ነው? አይደለም። ዝምታው ስለተመቸኝ ነው።

ዓመታት አለፉ፤ ዘንድሮ ከቀይ አፈር ከተማ ሽማግሌዎች ብርቄን ለልጃቸው ሊጠይቁ መጡ። እኔ በእነ ብርቄ ቤት ውኃ አቀርብ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ሳቅ እያሉ «ልጅቷ ማሽላውን ለወፍ ሰጥታ ተኝታለች አሉ። የእኛንም ጎተራ እንዳታስበላን!» አሉ። ሰው ሳቀ። ብርቄ አንገቷን ደፋች።

«አልተኛችም» አልኩ።

«ምን አልሽ ልጄ? ጮክ በይ።»

ጮክ አልኩ። ከደጅ ድረስ ተሰማ። «አልተኛችም! ወፎቹን ወደ እሷ ማሳ የነዳሁት እኔ ነኝ! አደራ ብላኝ ሄዳ፣ እኔ ነኝ!»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። መጀመሪያ የተናገረችው ብርቄ ናት። «አንቺ! ይሄ ሁሉ ድምፅ እስከ ዛሬ የት ነበር?» ብላ እያለቀሰች ሳቀች። ሽማግሌው ተነሥተው «እንግዲህ የልጅቷ ስም ጸድቷል፤ ወደ ጉዳያችን እንመለስ» አሉ። እልልታው ሲቀልጥ እኔም እልል አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀና ብዬ ቆሜ አላውቅም።

ያልተናገርኩት ግን ይህ ነው። ጫጩቶቹ የበረሩ ዕለት ማማው ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ። ብርቄ የተገረፈችው በዚያው ሳምንት ነው፤ እኔ ግን ደስታዬ አልቀነሰም። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ጫጩቶቹ አሳዝነውኝ ነው ብዬም አላመካኝም። የራሳችንን ማሽላ አስበልቼም ወፎቹን ማዳን እችል ነበር። እኔ የሰው አስበላሁ።

ብርቄ ይቅር ብላኛለች። እትዬ ዘነበች ገና ናቸው፤ ሰላምታዬን አይመልሱም። እውነታቸውን ነው። በየጠዋቱ በራቸው ላይ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።