እናቴ ሁለቴ ያወጣችው እጅ

የልጄ አዲስ የሥነ ዜጋ መጽሐፍ የቀለም ሽታ ወደ ደርግ ዘመን፣ ወደ ባሕር ዳር ቀበሌያችን ስብሰባ መለሰኝ። ሊቀ መንበር የሚመረጠው እጅ በማውጣት ነበር። እናቴ ለአስተማሪያችን አወጣችላቸው። ቀጥሎ የደንገል ታንኳ የሚሠሩት ጋሽ ደሴ ሲጠሩ አንድም እጅ አልወጣም። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። እናቴ እንደገና እጇን አወጣች።

«ጓዲት፣ ቅድም መርጠዋል!» አለ ካድሬው።

«ታዲያ እሳቸው በሰው ፊት ይፈሩ?» አለች፣ እጇን ሳታወርድ።

ድምፁ አልተቆጠረም፤ ጋሽ ደሴ ግን ቀና አሉ።

አሸናፊው አስተማሪያችን በማግስቱ ክፍል ገብተው፣ «ድምፅ መስጠት ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

«ሰው እንዳያፍር እጅ ማውጣት» አልሁ።

ልጆቹ ሳቁ፤ እሳቸው ብቻ አልሳቁም።

ዛሬም ልጄ ያንኑ ጥያቄ ስታነብልኝ መልሴ ያው ነው።