ድሪሉና «መጣ!»

ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ቤቴ ውስጥ መጋረጃ የሚሰቅልልኝ ወጣት ብሎኬቱን እየበሳ ሳለ መብራት ሄደ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጠሮውን ያላጓደለ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ወጣቱ የድሪሉን ፑንታ፣ መብሻ ብረቱን፣ ሊቀይር ሲል ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩ።

«ጋሼ፣ መብራት እኮ የለም!» ብሎ ሳቀብኝ።

የብሎኬቱ ትኩስ አቧራ ወደ ልጅነቴ፣ ኮልፌ ወደነበረው ግቢያችን መልሶኝ ነበር። አባቴ ለመደርደሪያ ግድግዳ ሲበሳ እንዲሁ መብራት ሄደ። የድሪሉ ማብሪያ በርቶ እንደተቆለፈ ዘንግቶ፣ ሊቀይረው ፑንታውን በእጁ ያዘ። እኔ ሶኬቱ አጠገብ ቆሜያለሁ። ድንገት ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ። አባቴም ጮኸ፤ ድሪሉ ተሽከርክሮ አውራ ጣቱን ሰንጥቆት ነበር።

ጣቱን በጨርቅ እየጠቀለለ «እልል በል እንጂ፣ መጣልህ አይደል!» አለኝ።

«መብራት ጠፋ የሚባለው ሶኬቱ ሲነቀል ነው» ያለኝም ያን ቀን ነው። ከመቁሰሉ በፊት ይሁን በኋላ ግን እስከ ዛሬ ይምታታብኛል። በኋላ ከሆነ ምክር ነው፤ በፊት ከሆነ ግን ትእዛዝ ነበር፤ ሶኬቱን ያልነቀልኩት እኔ ነኝ። ስጠይቀው ይስቅ ነበር፤ ጣቱ ሳይታጠፍለት ሞተ።

ውጪ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ።

«ጋሼ፣ ሶኬቱን ይስጡኝ እንጂ» አለ ወጣቱ። እንደጨበጥኩት ነበር።