ቦርደዴ ላይ ያልተረጎምኩት ቃል

የደም ብዛት እንዳለብኝ ያወቅኩት ሌላ ሰው ላሳክም ሄጄ ነው። ታላቅ እህቴ ጉልበቷን አሟት ከቦርደዴ ጭሮ መጥታ ነበር፤ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ የእህቴን ክንድ አስራ ለካች፤ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ትንሽ አስቀመጠቻትና ደግማ ለካች። የጉልበቱ ነገር እዚያው ተረሳ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን ጠየቀችና እኔም እንድለካ አዘዘችኝ። ለጨዋታ መስሎኝ እየሳቅኩ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። የእኔ ከእህቴ ብሶ ቁጭ አለ።

እናታችን የሄደችው በዚሁ ነው። ያኔ ስሙን አናውቀውም ነበር። ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ደጃፍ ላይ ወደቀች፤ ስናነሳት ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሉ፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ነፋስ መታት ተባለ፣ ሌላም ሌላም ተባለ። እስክትሞት ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም። ያጠበቻት፣ ያገላበጠቻት፣ በማንኪያ ያጎረሰቻት ይህቺው እህቴ ናት። እኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ እናቴ በዓይኗ አንድ ነገር እየለመነችኝ ምን እንደሆነ ስላልገባኝ ወጥቼ ከግቢው በስተጀርባ ማልቀሴን አልረሳም። ነርሷ ይህ ነገር ችላ ከተባለ ሰው ይጥላል ስትል እኔና እህቴ ተያየን። ሁለታችንም እናታችንን ነበር ያሰብነው።

ክኒን ታዘዘልን፤ ለእኔ አንድ ዓይነት፣ ለእሷ ሌላ ዓይነት። እስከ መቼ ነው ብዬ ብጠይቅ ዕድሜ ልክ ተባልኩ። ዕድሜ ልክ የሚባለውን ነገር እኔ የማውቀው ከፍርድ ቤት ነው፤ ተናደድኩ። ነርሷም አለመናደድ ነው፣ ንዴትም ለዚህ በሽታ ጥሩ አይደለም አለችኝ። ይኸው እንግዲህ፦ ጨው ተው፣ ጮማ ተው፣ ንዴትም ተው። ጨውና ጮማውስ እሺ፣ ያለ ንዴት እንዴት እንደሚኖር ግን እኔ አላውቅበትም።

እንጀራዬ ልብስ ስፌት ነው። ጭሮ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል መኪናዬን በእግሬ እየረገጥኩ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። እሁድ ደግሞ አስተርጓሚ ነኝ። ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰባኪ በአማርኛ ሲሰብክ፣ እኔ ከጎኑ ቆሜ በኦሮምኛ አቀብላለሁ። መሰላም፣ ሚኤሶም፣ ቦርደዴም ጉባኤ ሲኖር ይጠሩኛል። ይህ ሥራ ወግ አለው። አስተርጓሚ የራሱ ሐሳብ የለውም። ሰባኪው ሲቆጣ ይቆጣል፣ ሲያለቅስ ያለቅሳል፣ ሰባኪው እጁን ካነሳ እሱም ያነሳል፣ ከተንበረከከ ይንበረከካል። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ዝንፍ ብዬ አላውቅም፤ በዚህም ሳልኩራራ አልቀረሁም። እህቴ አማርኛ አትሰማም፣ ማንበብም አትችልም። ጌታን ያገኘችው እኔ ባስተረጎምኩት ስብከት ነው፤ ከዚያ ወዲህም ጉባኤ ሲኖር ከፊት ወንበር ተቀምጣ አፌን ታያለች እንጂ ሰባኪውን አታይም።

ክኒኑን በጀመርኩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሳል ያዘኝ። አክታ የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ብቻ ጉሮሮዬን የሆነ ነገር ይቧጥጠኛል። ሱቅ ውስጥ ስሆን እችለዋለሁ። መሰላ ላይ ግን መድረክ ላይ ያዘኝ። ሰባኪው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ይጠብቀኛል፣ እኔ ሁለት ቃል እላለሁ፣ ከዚያ ሳል። ውሃ አመጡልኝ፤ ውሃውም ምንም አልፈየደ። ሰባኪው ትዕግሥተኛ ሰው ስለነበር ምንም አላለኝም። በመጨረሻ ግን አንድ ሌላ ሰው ተነስቶ ቦታዬን ያዘ፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ ወረድኩ። በጣም አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሰው ደግሞ ዝም አይል። አንዱ ዝንጅብል በማር፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዱ ጤና አዳም ያዝዝልኛል። ሳምባ ነው ብለው የሚያንሾካሹኩም ነበሩ። አንዲት እናት ልጇን ለዩኒፎርም ላስለካ ብላ አምጥታ፣ እኔ ሜትሩን ዘርግቼ ስስል ልጅቷን ሳብ አድርጋ በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነቻት። ደንበኛዬ ናት እኮ፤ የልጅቷን ታላላቆች ሁሉ ያለበስኩ እኔ ነኝ። ሆድ ባሰኝ። ያኔ በራሴ አንድ መላ አገኘሁ ብዬ፣ ጉባኤ ሲቀርብ ክኒኑን ማቋረጥ ጀመርኩ። ሳሉ ግን እንዲህ ቶሎ የሚለቅ አልሆነም። ጭራሽ የደም ብዛቱ ማጅራቴን ጨምድዶ ይዞ ዓይኔን ያጭበረብረኝ ጀመር።

ነርሷ ዘንድ ሄጄ ያደረግኩትን ስነግራት ቁጣ ለእኔ የተከለከለ እንጂ ለእሷ የተፈቀደ መሆኑን ያን ቀን አየሁ። ሳሉ ከክኒኑ ነው፣ አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርገዋል፣ መናገር እንጂ ማቋረጥ ምን አመጣው አለችኝ። ወደ ሐኪሙ አስገብታኝ መድኃኒቱ ተቀየረ። እውነትም ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። አፌ ተመለሰልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ደግሞ እግሬ ማበጥ ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ቁርጭምጭሚቴ ካልሲዬን ሞልቶ ጫማዬ አልገባ ይላል፣ መኪናውን ስረግጥ በሰው እግር የምረግጥ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ክኒን ከመድረክ አወረደኝ፣ ሁለተኛው ከስፌት መኪናዬ ሊያስነሳኝ። አሁን ግን ተምሬያለሁ፤ አላቋረጥኩም፣ ሄጄ ተናገርኩ። መጠኑ ተቀነሰ፣ ሌላ ትንሽ ክኒን ታከለበት። አረፍ ስልም እግሬን በተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ሰቅዬ እንድቀመጥ ተመከርኩ። ለደንበኛ ነውር ይመስላል፤ ግን ምን ላድርግ። እንደምንም ተላመድን።

የእህቴ ነገር ግን አልተላመደም። የእሷ ክኒን ሽንት የሚያበዛ ነው። የቦርደዴን ሙቀት ለሚያውቅ፣ ውሃ እየጠጡ በየደቂቃው ወደ ጓሮ መሄድ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ወደ ጭሮ ልትመጣ ሚኒባስ ስትሳፈር ደግሞ ሾፌሩ አይቆምላትም፤ አንድ ጊዜ ዳገቱ ላይ ለምና ለምና እንቢ ብሏት እያለቀሰች ነው የደረሰችው። የተቀየረላትም ራሷን አዞራት። ነርሷ ጠዋት ውሰጂው፣ ከተቀመጥሽበት ቀስ ብለሽ ተነሺ ብላ መከረቻት። እህቴ እሺ ትላለች፣ ቦርደዴ ስትደርስ ትተወዋለች። ያላመመኝን ምን ብዬ ነው የምውጠው ትለኛለች። በስልክ ስንጨቃጨቅ ከረምን። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ፣ አንቺ ስትወድቂ የሚያጎርስሽ ማን ነው፣ እኔ እንደ አንቺ አልችልበትም አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ክኒኗን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መያዝና መዋጥ ጀመረች። ግፊቷም ወረደ። እኔ እንቅልፍ የተኛሁት ያን ሰሞን ነው።

የቦርደዴው ጉባኤ በዚያው ሰሞን ሆነ። ሰባኪው ከሩቅ የመጣ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ደግ ሰው ነው። ምሳ አብረን በልተናል፣ ስለ ልጆቹ አጫውቶኛል። ክፉ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ። ሸራው ሥር ሰው ጢም ብሏል፣ እህቴ እንደ ልማዷ ከፊት ናት። ስብከቱ ስለ ፈውስ ነበር፤ እኔም እያመንኩ ነበር የማስተረጉመው። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ ዛሬም አምናለሁ። ሰውየው እየጋለ፣ እየጋለ ሄደና ድንገት እጁን ወደ ውጭ ወርውሮ፣ "ከዛሬ ጀምሮ የያዛችሁትን ክኒን ጣሉት! እሱን መዋጥ አለማመን ነው" አለ። ክኒን በኦሮምኛም ያው ክኒን ነው። እህቴ ቃሉን ለየችው፤ እጇ ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሲሄድ አየሁ። ቋጠሮውን ይዛ አፌን እያየች ትጠብቀኛለች።

ብዙ አላሰብኩም፤ አሰብኩ ብል ውሸት ነው። የታየኝ የእናቴ አፍ ነው፣ ወደ አንድ ጎን የሄደው። በኦሮምኛ፣ "እግዚአብሔር ይፈውሳል። ክኒናችሁን ግን ሳታቋርጡ ዋጡ፤ እኔም እውጣለሁ" አልኩ። ሰባኪው እንደወረወረ እጄን መወርወር ሲገባኝ፣ እጄ ወደ አፌ ሄደ። እህቴ ቋጠሮዋን ለቀቀች፤ ፊቷ እፎይ አለ። ቦርደዴ ላይ ግን ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሰው ብዙ ነው። ከኋላ ጉምጉምታ ተነሳ፣ አንዳንዱ አንገቱን አቀረቀረ፣ አንድ ሰው ሳቁን ማፈን አቃተው። ሰባኪው ኦሮምኛ ባይሰማም እጄን አይቷል። ትንሽ አየኝና ስብከቱን ቀጠለ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አንድ ቃል ሳላጎድል አስተረጎምኩ።

ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ሰባኪውም ነበር። አልተቆጣም፤ እኔ ያላልኩትን ተርጉመዋል ይሉኛል፣ እውነት ነው ወይ ብሎ በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልኩት። ያላመኑበትን ነገር ትተው ከመድረክ መውረድ ይችሉ ነበር፣ በእኔ ስም የእርስዎን ቃል መናገር ግን ልክ ነው ወይ አለኝ። ልክ ነው ለማለት አፌ አልደፈረም። ብወርድ ሌላ ሰው ተነስቶ ጣሉት ይላቸው ነበር፣ እህቴም ትጥለው ነበር አልኩት። ሽማግሌዎቹ ለጊዜው ከማስተርጎም እንዳርፍ ወሰኑ። እንዲያ ያለውን ዕረፍት ሁላችንም እናውቀዋለን። ከፋኝ፤ ግን እንደሚገባኝም አውቄዋለሁ። ያን ቀን ብመለስ ያንኑ እላለሁ።

አመሻሹ ላይ እህቴ ቤት ሄድኩ። ከእኔ ቀድሞ ወሬው ደርሷል፤ ጎረቤቷ ነግራታለች። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ እንደ ወትሮው አልተነሳችልኝም። ሰውየው በእርግጥ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ሳልደብቅ ነገርኳት። ለምን እንዳደረግኩትም ነገርኳት፤ የእናታችንንም ስም ጠራሁ። እንዳለቅስ እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም።

"ክኒኑን እውጣለሁ፣ አትስጋ" አለችኝ። "እኔ ግን ጌታ አለ የተባለውን ሁሉ የሰማሁት ካንተ አፍ ነው። ሌላስ የለወጥከው አለ?"

የለም አልኳት። በእናታችን አጥንት ማልኩላት፤ በእኛ እምነት መማል እንደማይገባ እያወቅኩ ማልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትቆጣኝ ነበር።

"እሱንም እኮ የምትነግረኝ አንተው ነህ" አለች።

ክኒኗን አላቋረጠችም፤ ነርሷ በለካቻት ቁጥር ደስ ይላታል፣ እኔም ጎኗ ቁጭ ብዬ አብሬ ደስ ይለኛል። ቦርደዴ ስሄድ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ አነብላታለሁ። ጸጥ ብላ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለች፣ አሜን ትላለች፣ ትመርቀኛለች። እኔ መኪና ከተሳፈርኩ በኋላ ግን የጎረቤቷን ተማሪ ልጅ ጠርታ ያንኑ ምዕራፍ ከመጀመሪያው ታስነብባታለች። ይህን የነገረችኝ ልጅቷ ናት፤ የማይገባ ነገር እንዳደረገች ሁሉ ፈራ ተባ እያለች። አንቺ ብቻ ሳትሰለቺ አንብቢላት አልኳት።