ከውጤቱ የቀደመ ድግስ

ኡሙልኸይር አርግዛ ሦስተኛ ዓመት ላይ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቷን ስታቋርጥ መካነ ሰላም ላይ ያልፈረደባት አልነበረም። ከሁሉ የባሱት ጎረቤቷ ሐጂ ሱሌማን ነበሩ። ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ሆዷን እያዩ፣ «ዲግሪው ገፋ አይደል?» ይሏታል። ያኔ ነው በልቧ የማለችው፤ ልጇ እናቷን «ያቋረጠችው» ሲሏት እየሰማች አታድግም።

አቋራጭ እሷ ብቻ ብትሆን ደግ ነበር። አብረዋት ከወግዲ መጥተው ግቢ ከገቡት ገሚሱ በየምክንያቱ ቀርቷል። አንዱን ነጥብ አባረረው፤ አንዷ ለዐረብ አገር ፓስፖርት አወጣች። በየዓመቱ መድረክ ላይ የተመራቂው ብዛት ሲነበብ ጭብጨባው ጣራ ይነቅላል፤ ስንቱ ገብቶ ስንቱ እንደወጣ የሚጠይቅ ግን የለም። ስንት ቁና እንደዘራ ሳይናገር ባፈሰው የሚፎክር ገበሬ ደጎሎ ገበያ ላይ ቢገኝ መሳቂያ ይሆን ነበር።

ልጇ ጡት ስትተው ተመለሰች። አማቷ እትዬ አልታየች ሕፃኗን ያዙላት፤ እያጉረመረሙ ነው፣ ግን ያዙላት። በትምህርት ከእሷ በታች የነበረው የሐጂ ልጅ ሁዜይፋ የክፍል ጓደኛዋ ሆነ። አብረው የመውጫ ፈተናውን ተፈተኑ። እሱን ያላለፈ ዲግሪ የለውም።

ሐጂ ግን ውጤት የሚጠብቅ ትዕግሥት ከየት ያምጡ? በሬ ጣሉ። ሁዜይፋ በኪራይ ጋውን የተነሣው ፎቶ በር የሚያህል ባነር ሆኖ ሱቁ ውስጥ ተሰቀለ። ሽማግሎች ዱዓ አደረጉ፣ ዘመድ ስጦታ ተሸክሞ መጣ።

«የእናንተስ በግ መቼ ነው?» አሉ ሐጂ፣ ለእትዬ አልታየች ሥጋ እያቀረቡ።

«እኔማ ዛሬውኑ ባልኩ። እሷ ናት እንቢ ያለችው።»

«ውጤቱ ይውጣ ነው ያልኩት» አለች ኡሙልኸይር።

«ምነው፣ ፈራሽ እንዴ?»

«አዎ ሐጂ፣ ፈርቻለሁ። እርስዎ ደፋር ነዎት።»

ሐጂ ሳቁ። ድግስተኛውም አብሮ ሳቀ፤ የጋባዥ ቀልድ መቼም ያስቃል።

በሳምንቱ ውጤቱ በስልክ ታየ። ሁዜይፋ ወደቀ። መውደቁስ ነውር አልነበረም፤ ደግሞ መፈተን ይቻላል። ባነሩን ግን ማን ያውርደው? ቢወርድ ወሬ፣ ቢሰቀል ወሬ። ሐጂ ግራ ቢገባቸው የስኳር ጆንያ ደረደሩበት። ከጆንያው በላይ የምርቃት ቆቡ ብቻ ብቅ ብሎ ቀረ።

ኡሙልኸይር የራሷን ከፈተች። አልፋለች። እትዬ አልታየች ስልኩን ትተው እሷ ላይ አፍጥጠው፣ «በይ፣ አሁንስ?» አሏት።

«አሁንማ ይታረድ።»

ማታውን ሰሐን ይዛ ሱቁ ገባች። «ይብሉ ሐጂ፤ የዚህኛው ውጤት ወጥቷል።»

ሐጂ ሰሐኑን ተቀበሉ። ከጆንያው ጀርባ ሁዜይፋ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ነገ ና፣ ለድጋሚው አስጠናሃለሁ» አለችው። «ልጄን እየያዝክ ታነባለህ። እኔም እንደዚያው ነው ያነበብኩት።»