ለሁሉም ክፍት የሆነው ቤት

ያ ቤት ከኮሌጃችን ጀርባ ዛሬም ቆሟል። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እኔ የጤና ኮሌጅ መምህርት ነኝ። ደጋ ተወልጄ ባድግም ጋምቤላ ብዙ ከርሜያለሁ። ኮሌጁ የሴቶች ማደሪያ ስላልነበረው፣ ከኢታንግና ከፑኝዶ የሚመጡት ተማሪዎች ባሮ ዳር የጭቃ ቤት ተከራይተው በማኅበር ይኖሩ ነበር። የእህትማማቾች ማኅበር ብለውታል። የራሳቸው ወግ ነበራቸው። ተመርቃ የምትሄደው አልጋዋንና አጎበሯን ለተተኪዋ ትታ ትሄዳለች፤ በዚያ ቤት አልጋ ባዶ አያድርም። ክረምት ላይ ታዲያ ውሃው ደጃቸው ድረስ ይመጣል፣ በሩም የረባ ቁልፍ የለውም።

ከእነሱ አንዷ በወባ ሞተች። አባቷ ፑኝዶ ቆርቆሮና ሲሚንቶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ መንገድ ተዘግቶበት ሳይደርስላት ቀረ። እስከ መጨረሻው እጇን ይዛ የተቀመጠችው ከኢታንግ የመጣች የአዋላጅነት ተማሪ ነበረች፤ የሟቿ አልጋም በወጋቸው መሠረት ለእሷ ተላለፈ።

የማኅበሩ አማካሪ ስለነበርኩ ሰውዬው ከቀብሩ በኋላ እኔ ዘንድ መጣ። «ልጄን የደረሱላት እነዚህ ልጆች ናቸው። ቤት እሠራላቸዋለሁ» አለኝ። ወጪው ከግብር ይያዝለት እንደሆነ ለመጠየቅ አብረን ገቢዎች ቢሮ ሄድን።

ሠራተኛው ትሑት ሰው ነበር። «አባቴ፣ ለኮሌጁ ከሰጡ ግብር ከሚከፈልበት ገቢዎ ላይ ይቀነስልዎታል። ለማኅበር አባላት መኖሪያ ከሆነ ግን የግል ስጦታ ነው፣ አይቀነስም። ኮሌጁም ቤቱን ለሁሉም ተማሪ ክፍት ማድረግ ይኖርበታል።» በሕጉ አልተጣላሁም። ባይኖር ኖሮ ስንቱ ለዘመዱ ቪላ ሠርቶ በጎ አድራጎት ነው ይለን ነበር። የነጋዴው ገንዘብ ደግሞ ያለ ቅናሹ ከቤቱ መሠረት አያልፍም።

ቤቱ በኮሌጁ ስም እንዲሰጥ ልጆቹ ተመካክረው ማኅበሩን በፈቃዳቸው አፈረሱ። ስሙ ከወረቀት ቢጠፋ እኛ አንጠፋ ብለው ነበር፤ እኔም እንደዚያው አሰብኩ። ቤቱ ሲመረቅ የባሮ ዳሩን ኪራይ ለቀቁ። የኢታንጓ ልጅ አልጋዋን በራሷ ተሸክማ አዲሱ ቤት አስገባች፣ አጎበሩንም ሰቀለች። እንደዚያን ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በሳምንቱ የኮሌጁ ዲን ልጆቹን አስወጥቶ፣ አልጋዎቹን እዚያው እንዳሉ በሩን አስቆለፈ። «የማኅበሩ አባላት የነበሩት ከገቡበት ለእነሱ ተብሎ እንደተሰጠ ይቆጠራል። ሰውዬው ቅናሹን ያጣል፣ እኛም እንጠየቃለን። የምደባ መመሪያ እስኪወጣ ማንም አይገባም» አለ። ቤቱ የተሠራላቸው እነሱ ስለሆኑ እነሱ ብቻ እንዳይገቡበት ሆነ! ቢሮው ገብቼ ጮህኩ። ሻይ ጋበዘኝ።

ነጋዴው ከፑኝዶ መጥቶ ለመነ። «ቅናሹ ይቅርብኝ፣ ልጆቹ ይግቡ።» አንዴ የተሰጠ ንብረት የመንግሥት ነው ተባለ። ግቢውን ልይ ቢል እንኳ ዘበኛው የፈቃድ ደብዳቤ ጠየቀው። አጥሩን ይዞ ቆሞ ሲያለቅስ አየሁት።

የባሮ ዳሩን ቤት ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ልጆቹ በየዘመዱ ተበተኑ። የኢታንጓ ልጅ ዘመዷ ቤት፣ አልጋ በሌለው ክፍል ውስጥ ከሕፃናት ጋር መሬት ላይ እያደረች ትንሽ ታገለች። ከዚያ ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት። ልትመረቅ የቀራት ጥቂት ነበር።

መመሪያው አሁንም አልወጣም፤ ቤቱም እንደተቆለፈ ነው።

ባለፈው በጋ ለሥራ ኢታንግ ሄጄ ገበያ ውስጥ አገኘኋት። ደረቅ ዓሣ እየሸጠች ነው። ተቃቀፍን። ትወቅሰኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ቲቸር፣ ያ አልጋ… አሁን ማን ነው የሚተኛው?»

መዋሸት አማረኝ፤ አልሆነልኝም። «ማንም» አልኳት።

ዓሣውን መጠቅለሏን ተወች። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ።

«ባዶ አይደር፣ ቲቸር። የእሷ አልጋ ነው እኮ። ታናሽ እህቴ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳለች፤ እሷን ልላካት?»